በሰባት ቁጥር ክፍል የቀረች ሳጥን

ዕቃ ማሸግ ክፉ ሥራ ነው። ደስ ብሎት ቤቱን የሚነቅል ሰው የለማ! ቡልቻ ደበላ በአቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በግሪኩ በሙሴ ስታቭሮ መጋዘን ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ፣ ክፍል ሊከራይ እየሳቀ የመጣ ሰው አላየም። አንዱ ሚስቱ ሞታበት፣ አንዱ ከወንድሙ ተካስሶ፣ አንዱ ሩቅ አገር ተሹሞ ሊሄድ ሲል ይመጣል። ቡልቻ የሁሉንም ጓዝ አስሮ፣ ከብልና ከዝገት ጠብቆ፣ ቁጥር በተጻፈበት ክፍል ቆልፎ ያኖራል። እንባቸውን ግን አያሽግላቸውም፤ እሱን ይዘውት ይሄዳሉ።

በዚያ በ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ የመጋዘኑ ደጃፍ ጭራሽ ለቅሶ ቤት መሰለ። የገጠር መሬት ከተወረሰ ወራት አልፈዋል፤ ቤትም ሊወረስ ነው እየተባለ ይወራል። ያለው ሰው ያለውን ይዞ የት እንደሚገባ ጨንቆታል። ዝናቡ ቀን ከሌት አያባራም። የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ ሲጮህ እስከ ሐዲዱ ድረስ ይሰማል።

ረቡዕ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ከደብረ ዘይት መንገድ ታጥፎ፣ በጭቃው እየተንገዳገደ መጥቶ ቆመ። የፊታውራሪ ወልደሚካኤል ቤት ዕቃ ነው። ፊታውራሪው ከታሰሩ አራት ወራቸው። ጋቢና ውስጥ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈች ጥቁር ሻሽ አስረው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ልጃቸው ድንቅነሽ አለች። ድንቅነሽ ጭኗ ላይ አንዲት ትንሽ የጽድ ሳጥን አቅፋለች። ቡልቻ ሳጥኗን ሲያያት ልቡ ድው አለ።

ለምን አይል! ሳጥኗን የሠራት እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቡልቻ አባት ኦቦ ደበላ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፊታውራሪው ጭሰኛ ነበሩ። የጭሰኛ ልጅ የባላባት ልጅ ይወዳል ቢባል ያን ጊዜ የሰፈሩ ውሻም ይስቃል። እነዚህ ሁለቱ ግን ተዋደዱ። ድንቅነሽ አክስቷ ከድሬዳዋ በባቡር የሚልኩላትን ብርቱካንና ጨርቅ ልትረከብ ትመጣለች፤ ቡልቻ ዕቃው በታሸገበት ጭድ ውስጥ ደብዳቤውን ይደብቅላታል። በሦስት ዓመት አስራ አንድ ደብዳቤ ጻፈላት። እሷም በዓይኗ ትመልስለታለች። አንድ ቀን ብቻ፣ «እንዳነበብኳቸው ምድጃ ውስጥ ነው የምከታቸው፤ እማዬ ካገኘቻቸው እኔንም አንተንም አትምረንም» ብላው ነበር። ትክክል ናት ብሎ አለፈው፤ ሆዱ ግን አልወደደውም።

ባለፈው ሰኞ ታዲያ ወይዘሮ አሰለፈች እንደ ልማዳቸው ለፊታውራሪው ስንቅ ይዘው ሄዱ። ሳህኑ እንደሞላ ተመለሰላቸው። «ከእንግዲህ አያምጡ» ብቻ ነው የተባሉት። ምን ማለት እንደሆነ የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም ለማንም ትንፍሽ አላሉም። በማግስቱ በስንት ደጅ ጥናት ለሁለት ሰው የይለፍ ወረቀት አወጡ፤ ዓርብ በሦስት ሰዓቱ ባቡር ድሬዳዋ እህታቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ወረቀቱ የሚያገለግለው ለዚያች ዓርብ ብቻ ነበር።

ቡልቻ ይህን እንደሰማ አስራ አንደኛውን ደብዳቤ ጻፈ። የቀለበት አቅም የለውም፤ ብል የማይደፍረውን ጽድ ልጎ ሳጥን ሠራ፣ ሁለት ቁልፍ ያለው መዝጊያ ገጠመላትና ደብዳቤውን ውስጧ አድርጎ፣ ከሁለቱም ቁልፎች ጋር በቤቱ አሮጊት ሠራተኛ በወርቅነሽ እጅ ላከ።

«ድንቄ፣ ተመልሰሽ የኔ ትሆኚ እንደሆነ በአፍሽ አትመልሺልኝ። እናትሽ ፊት ማንበብ ያውቃሉ። ዕቃችሁ ወደ ክፍሉ በሚገባበት ቀን ይህችን ሳጥን የምታስቀምጫት አንቺ ራስሽ ሁኚ። ያስቀመጥሽበት ቦታ መልስሽ ነው። ሳየው ይገባኛል።»

ያቺ «ይገባኛል» የምትል ቃል ናት ጉድ የሠራችው።

«ደህና አደሩ እሜቴ» አለ ቡልቻ ቆቡን አውልቆ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ክፍሉ ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው። ወለሉ ላይ ጣውላ ደርድሬበታለሁ። ከግድግዳውም አንድ ክንድ እናርቀዋለን፤ በክረምት ግድግዳው ያልበዋል።»

«የደበላ ልጅ፣ አንድ ነገር ቢበላሽብኝ ካንተ ራስ አልወርድም!»

እሳቸው ይህን ሲሉ ድንቅነሽ ከጋቢናው ወረደች። ማንንም ሳታናግር፣ ሳጥኗን እንደታቀፈች ወደ ሰባት ቁጥር ክፍል ገባች። ክፍሉ ገና ባዶ ነው። ቡልቻ በሩ ላይ ቆሞ አያት። በሩን አለፈች፤ መሐሉን አለፈች፤ እስከ መጨረሻው ሄዳ ከኋላ ግድግዳ ሥር፣ ጥጉ ውስጥ አስቀመጠቻት። ከራሷ ላይ ሻርፗን አውልቃ ሸፈነቻት። ስትወጣ ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲያ አድርጋ አይታው አታውቅም።

የመጋዘን ሰው አንድ ሕግ አለው፤ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። ቶሎ የሚፈለግ ዕቃ በሩ ጋ ይቀመጣል። የማይፈለገው፣ ባለቤቱ ሊረሳው የተዘጋጀው፣ ከኋላ ግድግዳ ሥር ይገባና እዚያው አቧራ ለብሶ ይቀራል። ቡልቻ ይህን እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሉ ስለሚያውቀው ሌላ ሰው ላያውቀው ይችላል ብሎ አስቦ አያውቅም።

«በቃ» አለ በሆዱ። «ተሰናበተችኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ እጁ ነው የሠራው፤ ልቡ አልነበረም። አልጋውን ፈትቶ እግሮቹን በጆንያ ጠቀለለ። ሸክላውን በጭድ ሞላ። የፊታውራሪውን ካባ በነጭ ጨርቅ አጥፎ፣ ናፍታሊኑን ጨርቁን እንዳይነካ በየማዕዘኑ በትንንሽ ቋጠሮ አኖረው። ቁም ሣጥኑን አስገባ፣ ከሳጥኗ ፊት ገተረው። በላዩ ፍራሽ፣ በፍራሹ ላይ ወንበር። በገዛ እጁ እየቀበራት ነበር።

ትልቁ መስታወት ሲወርድ የአንዱ ወዛደር እጅ አዳለጠው። መስታወቱ አልወደቀም፤ ግን ከላይ እስከ ታች ቀጭን ስንጥቅ ወጣበት። ወይዘሮ አሰለፈች አፋቸውን ያዙ። አልተቆጡም፤ ይሄ ነው ሁሉንም ያስደነገጠው።

«ተዉት» አሉ። «ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሩልኝ።»

ዝናቡ ሲበረታ እሳቸው ወደ ጋቢናው ተመለሱ። ድንቅነሽ ቁም ሣጥኑ አጠገብ ቁጭ ብላ ናፍታሊን በጨርቅ ትቋጥራለች፤ ድሮ የአክስቷን ጨርቅ ሲያስረክባት እሱ እንዳሳያት፣ ጠበቅ አድርጋ። ሌላ ሰው አልነበረም።

«አየኸው?» አለችው በሹክሹክታ።

«አየሁት።»

«ገባህ?»

«ገባኝ።»

ፊቷ ፈካ። «ታዲያ ምንም አትለኝም?»

«መልካም ጉዞ።»

ፈገግታዋ እዚያው ደረቀ። «መልካም ጉዞ? ሌላ የለም?»

«ሌላ ምን ልበል ድንቄ? ቦታውን የመረጥሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ። አስቤበት ነው የመረጥኩት። እንደገና አስቀምጪ ብትለኝም እዚያው ነው።»

እንደ ቢላ ገባበት። «ግድ የለሽም፣ ማንም አይነካብሽም» አለ። «እዚያ የገባ ዕቃ ጠያቂ የለውም።»

ድንቅነሽ ቋጠሮውን ከእጇ ጣለችው። «አሁን ገና ገባኝ። ዘመኑ ዞረ አይደል? አባቴ ፊታውራሪ ሳሉ የልጃቸውን ዓይን ማየት ደስ ይልሃል። የእስረኛ ልጅ ስሆን ግን ስሜ ከስምህ ጋር እንዳይነሳ ፈራህ።»

«እኔ ነኝ የምፈራው?»

«ታዲያ ማን ነው? ፊትህን አላየኸውም ቡልቻ። ጥርቅም አድርገህ ዘጋኸው።»

አፉን ከፈተ። «አንቺ አይደለሽም እንዴ የዘጋሽው!» ሊላት ነበር። «ድንቅነሽ!» የሚል የእናቷ ድምፅ ከውጭ ተሰማ። ተነስታ ወጣች፤ ወደኋላም አላየችም። የጣለችውን ቋጠሮ አንስቶ ኪሱ ከተተው። የሚያለቅስ መስሎት ነበር፤ ግን እንባም እንቢ አለው።

ሐሙስ ዱጉማ መጣ። ዱጉማና ቡልቻ በአንድ ግቢ ያደጉ ናቸው፤ ዛሬ ዱጉማ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆኖ ጠመንጃ ይዞ ይሄዳል። በሩ ላይ ቆሞ ሰባት ቁጥር የሚለውን አነበበ።

«ነገ ጠዋት ይሄን እንከፍታለን። ዕቃው ተመዝግቦ ለማኅበሩ ይገባል፣ ባዶው ክፍል ይታሸጋል።»

«ሰው የተከራየው ክፍል እኮ ነው ዱጉማ።»

«የተከራዩት በማን ላብ ነው? በአባትህ ላብ አይደለም?»

ቡልቻ የገዛ እጁን አየ። የኦቦ ደበላ እጅ ምን ይመስል እንደነበር እሱም አይረሳውም።

«ስማኝ» አለ ዱጉማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከነሱ ዕቃ አንዲት ማንኪያ ደብቀህ ብትገኝ እኔ አላድንህም። ቀናውን ታውቀዋለህ፣ የወፍጮ ቤቱን። የአንድ ባላባት ሻንጣ አስቀመጥክ ብለው ባለፈው ሳምንት ወሰዱት። የት እንደገባ እናቱም አታውቅ።»

ይህን ብሎ ሄደ። ቡልቻ ከጭቃው ላይ የጫማውን ዱካ ውኃ ሲሞላው ቆሞ አየ። ስለ ሳጥኗ አሰበ። በማግስቱ ባዕድ እጅ ሊነካት ነው። እሱን የተሰናበተች ልጅ የጣለችው ዕቃ ቢሆንም እንኳ፣ ከሌላው ቀድሞ ሊያነሳት ቆረጠ።

ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዱጉማ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ደረሰ። ሰዎቹ ከክፍሉ ያወጣሉ፣ ዱጉማ በደብተር ይጽፋል። ፊደል የቆጠረው በቅርቡ ስለሆነ እርሳሱን በምላሱ እያራሰ አንድ ቃል ለመጻፍ ብዙ ይቆያል። በገጹ ራስ ላይ የባለቤቶቹን ስም አስፍሯል፤ ወልደሚካኤል፣ አሰለፈች፣ ድንቅነሽ ወልደሚካኤል። ወንበሩ ወጣ፣ ፍራሹ ወጣ፣ የተሰነጠቀው መስታወት ወጣ። ቡልቻ ያንን ሁሉ የለፋበትን እስር ሲፈቱት ቆሞ አየ። ባቡሩ ከለገሀር መጥቶ ጣቢያው ላይ ቆሟል። ሲነሳ ወደ ዱከም የሚያልፈው በዚሁ በመጋዘኑ በር ፊት ለፊት ነው።

ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሳጥኗ ብቻ ቀረች። ቡልቻ ሌላ ሰው ሳይቀድመው ሄዶ አነሳት። ያን ጊዜ ከበሩ የሴት ድምፅ ጠራው። ወርቅነሽ ናት፤ ፊታውራሪው ቤት አርባ ዓመት የሠራች አሮጊት። ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ልጄ ቡልቻ፣ ድንቄ ይህን ላከችልህ። ባቡሩ ከሄደ በኋላ ስጪው ነበር ያለችኝ። ሆዴ አልቻለም።»

በቀይ ክር የታሰረች ትንሽ ቁልፍ መዳፉ ላይ አኖረች።

«ምን ያደርግልኛል እማማ? ሳጥኗን ከኋላ ግድግዳ ሥር ጥላት ሄደች።»

«ጥላት? አንተ፣ ጤና የለህም እንዴ! ሁለት ሌሊት ሙሉ እንባዋ አልደረቀ! ልቤን ከጓዳ ጓዳ አስቀመጥኩለት፣ እሱ ግን መልካም ጉዞ አለኝ እያለች።»

«ከጓዳ?»

«ታዲያ ውድ ነገር የት ይቀመጣል? ወርቁም፣ የርስቱም ወረቀት ከውስጠኛው ጓዳ፣ ከጥጉ ነው የሚገባው። ደጃፍ የሚቀመጠው መጥረጊያ ነው!»

ቡልቻ ያደገበት ቤት አንድ ክፍል ነበር። ሰውም፣ ጥጃም፣ እህልም እዚያው ያድራል። ጓዳ አልነበራቸውም፤ ጓዳ የሚያስገቡት ነገርም አልነበራቸውም። ከየት ብሎ ይወቀው? ግድግዳውን ተደገፈ። ረቡዕ ዕለት ዓይኑን ስታየው ምን እያለችው እንደነበር አሁን ገባው። ወይኔ ልጅት!

«ምንድን ነው የሰጠችህ?» አለ ዱጉማ በሩን ሞልቶ። «ሳጥኑንስ ምን ታቅፈህ ቆመሃል? አምጣው፣ ይሰበር።»

«አይሰበርም። የኔ ነው።»

ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ዱጉማ ቀስ ብሎ ጠጋ አለ። «ቡልቻ፣ ትናንት ምን አልኩህ?»

«ሰምቻለሁ። የኔ ነው።»

«እሺ። ያንተ ከሆነ ውስጡ ያለውን ታውቃለህ። ንገረኝና እንክፈተው። ሌላ ነገር ከተገኘ ግን…» ወደ ደብተሩ አመለከተ፤ አልጨረሰውም።

ውስጡ ያለውን ቡልቻ አያውቅም። የእናቷ ወርቅ ሊሆን ይችላል። የአባቷ ሽጉጥም ሊሆን ይችላል። ባዶም ሊሆን ይችላል። ምድጃ ውስጥ ነው የምከታቸው ብላዋለች፤ በገዛ አፏ። ወርቅነሽ ፊቷን አማተበች። ቡልቻ ግን ወደ ኋላ ግድግዳው፣ ሳጥኗ ወደነበረችበት ጥግ አየ። ከዚያ ቦታ የሚገባ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ደብዳቤ ነው» አለ። «አስራ አንድ። በኔ እጅ የተጻፈ።»

ቁልፉን ራሱ አዞረው። ክዳኑ ሲከፈት የጽድና የናፍታሊን ሽታ ወጣ። አራቱ ማዕዘን በጭድ ተሞልቷል። በየጭዱ ላይ ትንሽ ቋጠሮ አለ፤ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ። መሐል ላይ በነጭ ጨርቅ የታጠፈ ነገር ተኝቷል። ድሮ እሱ እንዳሳያት፣ ልክ የፊታውራሪው ካባ እንደታሸገው አድርጋ፣ አንዲት ነገር ሳታጓድል የእሱን ወረቀቶች አሽጋቸዋለች። አንዱንም አላቃጠለችም።

ዱጉማ አንድ በአንድ ቆጠረ። አስራ አንድ። ከመሐሉ አንዱን ከፍቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ አቆመና ወደ ቦታው መለሰው።

«አንተ ጉደኛ» አለው አብሮ አደጉን። «ዝጋው።»

በዚያው ቅጽበት ባቡሩ ጮኸ።

ቡልቻ ሮጠ። ሳጥኗን የትም አስቀምጦ መሄድ ይችል ነበር፤ አላሰበውም፤ እንዳቀፋት ሮጠ። ጣቢያው ሲደርስ መንኮራኩሩ መዞር ጀምሯል። በመጨረሻው ፉርጎ መስኮት ድንቅነሽን አያት። እሷም አየችው። ፊቷ በአንድ ጊዜ በራ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ክንዱ ወረደ፣ ሳጥኗን አየች፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ገባኝ!» አለ ቡልቻ እየጮኸ። «ድንቄ፣ ገባኝ!»

ባቡሩ እንደገና ጮኸ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። ድንቅነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ምን እንዳየች ገባው። ከጓዳ ጓዳ ያስቀመጠችውን አውጥቶ፣ በሰው ፊት ይዞላት መጥቷል። ከጓዳ የወጣ ነገር የተመለሰ ነገር ነው። ውሰጂልኝ፣ አልፈልገውም ሲላት ነው ያየችው! አንዴ እሱ እሷን ሳተ፤ አሁን ደግሞ እሷ እሱን ልትስት ነው፤ ወረቀቷ የዛሬ ብቻ ነው፣ ባቡሩም አይጠብቅም። መጮህ አይሰማትም። ሳጥኗን በመስኮት ቢያቀብላት የባሰ ነው። አንድ ብቻ ቀረው፤ ጀርባውን ሰጥቷት ሮጠ።

ባቡሩ ገና እየተጎተተ ነው። ከፊተኞቹ ፉርጎዎች ጋር እየተሽቀዳደመ በጭቃው አርባ እርምጃ ያህል ወደ መጋዘኑ ሮጠ። ዱጉማን ገፍትሮ አለፈ፤ ወለል ብሎ በተከፈተው በር ወደ ባዶው ክፍል ገባ፤ በሩን አለፈ፣ መሐሉን አለፈ፣ እስከ መጨረሻው ሄዶ ከኋላ ግድግዳ ሥር፣ ጥጉ ውስጥ፣ ከነበረችበት ቦታ አስቀመጣት። ኮቱን አውልቆ ሸፈናት። ተንበርክኮ ሁለት እጁን በላይዋ አደረገ።

የፉርጎዎቹ ጥላ በግድግዳው ላይ ያልፋል። አንድ። ሁለት። ሦስት። ዞር ብሎ ማየት ይችላል፤ በሩ ከጀርባው ክፍት ነው። አልዞረም። ዳግመኛ ፊቷን ሸፍና ቢያያት የሚተርፍ አልመሰለውም። የመጨረሻው ጥላ ግድግዳውን አለፈ፣ ብርሃን ሆነ፣ የሐዲዱም ድምፅ ወደ ዱከም እየራቀ ጠፋ።

«እማማ» አለ ሳይዞር። «አየችኝ?»

ወርቅነሽ በሩ ላይ ቆማ እያለቀሰች ነበር። «መጀመሪያ ተሸፍና ነበር። እዚህ ስትገባ ቀና አለች። ከዚያ በመስኮቱ እስከ ወገቧ ወጣች፤ እሜቴ በቀሚሷ ይዘው ነው ያስቀሯት።»

«ምን አለች?»

«ምን ይሰማል ብለህ ነው። ብቻ በአንገትጌዋ እጇን ከታ ማተቧን አወጣች። ያችኛዋ ቁልፍ ማተቧ ላይ ናት፤ ረቡዕ ማታ ነው ያሰረቻት። እሷን ይዛ ታሳይህ ነበር። እስክትርቅ ድረስ እጇን አላወረደችም።»

ቡልቻ ግንባሩን ሳጥኗ ላይ ደፋ። ያን ጊዜ ነው እንባው የመጣለት።

ዱጉማ ወደ ክፍሉ ገባ። ሚስማርና መዶሻ የያዙት ሰዎች ከኋላው ቆመዋል። «ክፍሉ ሊታሸግ ነው። ሳጥንህን ይዘህ ውጣ።»

«እዚያው ትቆይ።»

«አብደሃል? ከታሸገ መቼ እንደሚከፈት እኔም አላውቅ። ጨርሶ ላይከፈትም ይችላል። ደግሞ እዚህ ከቀረች መመዝገብ አለባት። ስምህ ከነሱ ስም ሥር ነው የሚገባው። ደብተሩን የሚያየው እኔ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ቀናውን አትርሳ። ቤትህ ውሰዳት፣ እኔ አላየሁም።»

ቡልቻ ተነሳ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ሳጥኗን ይዟት ቢሄድ የሚያስቀምጣት ደጃፍ ላይ ነው። «ቦታዋ እዚህ ነው» አለ። «ጻፈው።»

ዱጉማ ራሱን ነቀነቀ። ክፍሉን ዘግተው ሁለት ጣውላ አጋድመው በሚስማር መቱት። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ዱጉማ ደብተሩን በካፖርቱ ከልሎ፣ እርሳሱን በምላሱ አርሶ፣ ድንቅነሽ ወልደሚካኤል ከሚለው ሥር፣ ፊደል በፊደል ቡልቻ ደበላ ብሎ ጻፈ። ቡልቻ ኮት በሌለው ትከሻው ዝናቡን እየተቀበለ ቆሞ አየው። ፈርቷል። ግን ስሙ ከስሟ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር።